ቁጥር 2 ተብለን ቤት ቀረን፣ ዘንድሮስ?

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ እዚህ ሀገር ይከብደኛል። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ጨለማ ነው፣ ሰው ሁሉ የበዓል ወጪውን እየቆጠረ አኩርፏል። ታዲያ በዚህ መሀል በየዓመቱ አንድ ነገር ነፍሴን ይመልሳታል፣ የኮሌጅ ቤዝቦል ራንኪንግ ይወጣል። አንድ ኳስ እንኳን አልተወረወረም፣ ሜዳው ምናልባት በረዶ ለብሷል፣ ግን ማን 1ኛ ማን 2ኛ ማን 25ኛ እንደሆነ ተጽፎ ይመጣል። እኔም ቡናዬን ይዤ ሎተሪ እንደሚያይ ሰው ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ።

ለሀበሻ ይሄን ስነግር የሚመጣልኝ መልስ ያው አንድ ነው፣ "ቤዝቦል? ያውም የኮሌጅ? ምን ነካህ?" ባለቤቴ ደግሞ "አርሰናል አላቃጠለህም ሌላ ጨመርክበት?" ትላለች። እውነቷን ነው። የአርሰናል ደጋፊ የሆነ ሰው ይሄን ስሜት አስረዱኝ አይልም፣ ኦገስት ላይ ዋንጫውን በአፍህ ትበላለህ፣ ሜይ ላይ አንገትህን ደፍተህ ትሄዳለህ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄው ነው።

እንዴት እንደገባሁበት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲሲ እንደመጣሁ ናሽናልስ (የዲሲ የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ቲም) የሚጫወቱበት ስታዲየም አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ማታ ማታ እሰራ ነበር፣ አብሮኝ የሚሰራው ሰውዬ ሬዲዮ ከፍቶ ይተወዋል፣ መኪና በሌለበት ሰዓት ምን አማራጭ አለኝ፣ ሰማሁ። መጀመሪያ ምንም አይገባኝም፣ ቀስ በቀስ ግን የአስተያየት ሰጪው ድምፅ ሲቀየር አንድ ነገር እንደተፈጠረ ማወቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ የቡድኑ ልጅ ራያን ዚመርማን ነበር፣ በ2005 ድራፍት (ፕሮፌሽናል ቲሞች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) 4ኛ ሆኖ የተመረጠ፣ ከተማው ሁሉ ስሙን የሚጠራው። ሰውዬው "እሱኮ የኛው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው" አለኝ። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ሲበሉ ደግሞ ከዚመርማን ጋር ሾን ዱሊትል ነበር፣ እሱም የቨርጂኒያ። እኔ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ታክሴን ለቨርጂኒያ ነው የምከፍለው፣ ስለዚህ ቲሜ ማን እንደሆነ በዚያው ተወሰነ።

ከዚያ በ2021 የእህቴ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ ቻርለትስቪል ከተማ ገባ። ዕቃውን ጭነን በ29 መንገድ፣ ዋረንተንን አልፈን፣ ከልፔፐርን አልፈን፣ 2 ሰዓት ምናምን ነድተን አደረስነው፣ እናቱ ስታለቅስ እኔ በውስጤ "ስታዲየሙ በየት በኩል ነው?" እያልኩ ነበር። አይፈረድብኝም። በሚቀጥለው ስፕሪንግ የመጀመሪያ ጨዋታዬን አየሁ፣ ዲሻሩን ፓርክ ይባላል ስታዲየሙ፣ ከዚያ ወዲህ በዓመት አራት አምስቴ እሄዳለሁ። ቆሎ በፌስታል፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ሁለት ጃኬት። የኮሌጅ ልጆች የሚመቱበት ባት ብረት ስለሆነ ኳሱ ሲመታ "ቲንግ" ይላል፣ የፕሮፌሽናሉ እንጨት ነው፣ ድምፁ ሌላ ነው። በብርድ ቀን ያቺ ቲንግ ጥርስህ ድረስ ትሰማሃለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያለፈው ዓመት፣ የ2025ቱ ሲዝን፣ እንዴት እንደተጠበቀ ላስታውሳችሁ። ቲሙ በ2023ም በ2024ም ኦማሃ ደርሷል። ኦማሃ ማለት ኔብራስካ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፣ የኮሌጅ ቤዝቦል የመጨረሻዎቹ 8 ቲሞች የሚገናኙባት፣ የቤዝቦል ሰው "ኦማሃ" ሲል እኛ "ኢየሩሳሌም" እንደምንለው ነው። ከሚመቱት ልጆች ብዙዎቹ ተመልሰዋል፣ ኮቹ ብራያን ኦኮነር ከ2004 ጀምሮ እዚያው ነው። ራንኪንጉ ሲወጣ ዲ ዋን ቤዝቦል የሚባለው ድረ ገጽ 2ኛ ላይ አስቀመጠን። ቁጥር 2! ከኛ በላይ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ብቻ። የእህቴ ልጅ ሲኒየር ነው፣ መመረቂያው ዓመት ነው፣ ስልክ ደውሎ "አጎቴ፣ ጁን ላይ ኦማሃ ነን፣ ፈቃድህን ካሁኑ ጠይቅ" አለኝ። ሞኝ አይደለሁም፣ ግን ጠየቅኩ። አለቃዬ ፊቴን አይቶ "ሰርግ ነው?" አለኝ፣ "እንደዛ በለው" አልኩት።

ምን ሆነ? 50 ጨዋታ ተጫውተው 32 አሸነፉ 18 ተሸነፉ። መጥፎ አይመስልም አይደል? ሜይ 26፣ ሜሞሪያል ዴይ፣ ጓሮ ውስጥ ሥጋ እየጠበስን ስልኩን ከበርበሬው ዕቃ ጋር አስደግፈን ወደ ዋንጫው ውድድር የሚገቡትን የ64ቱን ቲሞች ዝርዝር እናያለን። አራት አራት እያደረጉ ይጠራሉ፣ 16 ቦታ ነው። የእህቴ ልጅ በአንድ እጁ መቆንጠጫ ይዞ ቆሟል። አስረኛው አለፈ፣ "ቆይ ይመጣል" አለ። አስራ ሦስተኛው አለፈ፣ ዝም አለ። አስራ ስድስተኛው ሲያልቅ ሥጋው በአንድ በኩል ከሰል ሆኗል፣ የቨርጂኒያ ስም አልተጠራም። እህቴ ከቤት ወጥታ "ሰው ሞተ እንዴ?" አለች።

ቤት የቀረነው ደግሞ ብቻችንን አይደለም፣ 1ኛ የተባለው ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም ቀረ። 30 አሸንፎ 26 ተሸንፎ። ሲዝኑ ሳይጀመር ከሀገሩ ሁሉ 1ኛና 2ኛ የተባሉት ሁለቱም ከ64ቱ ውስጥ እንኳን አልገቡም። ዋንጫውን የወሰደው 3ኛ የነበረው ኤልኤስዩ፣ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ኮቹ ኦኮነር ሚሲሲፒ ስቴት የሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። 22 ዓመት የቆየ ሰው። የእህቴ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቲሙንም ኮቹንም የተማሪ መታወቂያውንም አጣ ብላችሁ ቁጠሩት።

እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፣ እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ከዚያ ልክ 10 ዓመት ወደኋላ ሂዱ። በ2015 ይሄው ቲም፣ ይሄው ኮች። በ2014 ፍጻሜ ደርሰው በቫንደርቢልት በሦስተኛው ጨዋታ 3 ለ 2 ተሸንፈዋል፣ በ2015 ደግሞ ሲዝኑ መሀል ላይ ዋናው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ኔተን ከርቢ ተጎዳ፣ ነገር ተበላሸ፣ መሸነፍ ለመዱ። ለውድድሩ ሲገቡ ካሊፎርኒያ ሌክ ኤልሲኖር ድረስ ተላኩ፣ ያውም ከ4 ቲም በጥንካሬ 3ኛ ተብለው፣ ማለት ለአጃቢነት። እዚያ አሸነፉ። ተመልሰው ቻርለትስቪል ላይ ጎረቤታችንን ሜሪላንድን 2 ለ 0 አሰናበቱ። ኦማሃ ሄዱ፣ ፍጻሜ ላይ ማን ጠበቃቸው? ቫንደርቢልት። የመጀመሪያውን 5 ለ 1 ተሸነፉ። ሁለተኛው ላይ ኦኮነር እንዲወረውር ማንን አሰለፈ መሰላችሁ፣ አዳም ሄዝሊ የሚባል አውትፊልድ (የሜዳው ሩቅ ጫፍ) የሚጫወት ፍሬሽማን፣ ገና አንደኛ ዓመት ልጅ፣ 5 ኢኒንግ (ዙር ማለት ነው፣ ጨዋታው 9 ነው) አንድ ነጥብ ሳይሰጥ ወጣ፣ ጆሽ ስቦርዝ ገብቶ ዘጋው፣ 3 ለ 0። ሦስተኛው ላይ ብራንደን ዋደል መጀመሪያውኑ 2 ራን (ነጥብ) ሰጠ፣ ከዚያ ተረጋግቶ 7 ኢኒንግ ቆየ፣ መጨረሻ ሁለቱን ኢኒንግ ማን ገባ፣ ያ የተጎዳው ከርቢ! 4 ለ 2። ጁን 24፣ 2015። እኛ ከምንጫወትበት ሊግ፣ ከኤሲሲ ኮንፈረንስ፣ ከ1955ቱ ዌክ ፎረስት ወዲህ ይሄን ዋንጫ የወሰደ አልነበረም። ስቦርዝ ከዓመታት በኋላ በ2023 ለቴክሳስ ሬንጀርስ የዎርልድ ሲሪስን (የፕሮፌሽናሉን ፍጻሜ) የመጨረሻ አውት የወረወረው ራሱ ነው።

አሁን ሂሳቡን ተመልከቱልኝ። የ2015ቱ ሻምፒዮን 44 አሸንፎ 24 ተሸንፏል። የ2025ቱ 32 አሸንፎ 18። ካልኩሌተር አውጡና አካፍሉት፣ አንዱ 65 ፐርሰንት ገደማ ነው ሌላው 64። አንድ ፐርሰንት! አንዱ ሐውልት ሊቆምለት ነው፣ ሌላው ስሙ ሲነሳ ሰው ፊቱን ያዞራል። አንዱ ያልተጠበቀ ስለሆነ ተአምር ሆነ፣ ሌላው የተጠበቀ ስለሆነ ውርደት ሆነ፣ የሁለቱ ልጆች ግን ከ100 ጨዋታ ያሸነፉት ያው ነው ማለት ይቻላል። (መቼ እንደምታሸንፍ እና ማንን እንደምታሸንፍ ለመራጮቹ ለውጥ ያመጣል፣ እሱ ገብቶኛል፣ በኮሜንት አትምጡብኝ።)

ለምንድነው ግምቱ እንዲህ የሚዋሽ? እኔ ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ ሁሌ አንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ ጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ እያንዳንዷን ኳስ በእርሳስ የሚመዘግብ። ስሙን ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ስሜን አልጠየቀኝም፣ ቆሎ ግን ይበላል። ባለፈው ኤፕሪል አንድ ማክሰኞ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለ "2ኛ ነበርን እኮ፣ ምን ሆነን ነው?" አልኩት። ከደብተሩ ቀና ሳይል "አርብ ማን እንደሚወረውር ታውቃለህ?" አለኝ። አዎ አልኩት፣ ስሙን ጠራሁ። "ቅዳሜስ?" ጠራሁ። "እሁድ?" እሱን እያመነታሁ። "ዛሬ ማን ነው እየወረወረ ያለው?" ቀና ብዬ አየሁ፣ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አላውቀውም። በዚያው ቅጽበት ልጁ አራተኛ የተበላሸ ኳስ ወርውሮ ዎክ ሰጠ፣ ማለት መቺው በነፃ አለፈ፣ ከዚያ ሌላ ዎክ። ሽማግሌው በእርሳሱ የኔን ጉልበት ነካ አድርጎ፣ ራንኪንግ የሚያወጡት ሰዎች አርብን ነው የሚያዩት፣ ሲዝን የሚያልቀው ግን ማክሰኞ ነው አለኝ።

ነገሩ ገብቷችሁ እንደሆነ፣ የኮሌጅ ቲም ቅዳሜና እሁድን ይዞ 3 ጨዋታ አለው፣ መሀል ሳምንት ደግሞ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ አንድ። ሲዝኑ ቢበዛ 56 ጨዋታ ነው። አንድ ፒቸር ክንዱ እስኪያርፍ ሳምንት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ምርጥ የተባለው ልጅ በሳምንት አንዴ ነው የምታየው። አሪፍ የአርብ ፒቸር አለህ ማለት ከ4 ቀን አንዱን ከፈልክ ማለት ነው። ውድድሩ ሲመጣ ደግሞ ሪጅናል ላይ (4 ቲም የሚገናኝበት የመጀመሪያው ዙር) በአንድ ዊክኤንድ አራት አምስት ጨዋታ ሊኖርብህ ይችላል፣ እዚያ ላይ የማክሰኞው ልጅ እሁድ ማታ ነፍስህን ይዞ ይቆማል። የ2015ቱ ሄዝሊ ትዝ አይላችሁም? ሲዝኑ ሳይጀመር ራንኪንግ ሲያወጡ "እሱ ልጅ ፍጻሜ ላይ ይወረውርልናል" ብሎ የጻፈ ሰው ካለ አሳዩኝ።

ደግሞ የኛ ብቻ አይደለም። በ2021 ፍሎሪዳ 1ኛ ተብሎ ጀምሮ ገዛ ሜዳው ላይ በሁለት ጨዋታ ተባረረ፣ አንዷ በሳውዝ አላባማ 19 ለ 1። በ2024 ዌክ ፎረስት 1ኛ ተብሎ ሪጅናል ላይ ቀረ። የተሳካለት በ2023 ኤልኤስዩ ነው፣ 1ኛ ተብሎ ጀምሮ 1ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ እሱም ቢሆን ፖል ስኪንስና ዲላን ክሩስን ይዞ ነው፣ በዚያው ዓመት ድራፍት 1ኛና 2ኛ ሆነው የተመረጡ ልጆች (ክሩስ እኛ ጋ ናሽናልስ መጣ፣ ተመስገን)። እነሱን ይዞም ፍጻሜው ላይ በፍሎሪዳ 24 ለ 4 ተቀጥቅጦ በማግስቱ 18 ለ 4 መለሰ። በቃ ቤዝቦል እንዲህ ነው፣ ትናንት የሰፈር ልጆች ይመስሉሃል፣ ዛሬ ነገሥታት።

ሌላው አሁን አሁን ግምት የሚባለውን ነገር ከንቱ ያደረገው ልጆቹ አንድ ቦታ አለመርጋታቸው ነው። ድሮ አንድ ቲም ሲዋቀር ቢያንስ የት እንዳሉ ታውቃለህ። አሁን ሰኔ ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚቀይሩበት ትራንስፈር ፖርታል አለ፣ ሐምሌ ላይ የሜጀር ሊግ ድራፍት ሦስተኛ ዓመት የጨረሱትን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ነሐሴ ላይ ማን እንደቀረህ ትቆጥራለህ። በዚያ ላይ በ2025 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት ሕጉም ተቀየረ፣ ድሮ አንድ የቤዝቦል ቲም 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበረው፣ አስራ አንድ ነጥብ ሰባት! ያቺን እንደ ዳቦ ቆርሰው ለሃያ ምናምን ልጅ ያካፍሏት ነበር፣ አሁን ገደቡ ተነስቶ ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት ለሁሉም መክፈል ይችላል፣ የልጆቹ ቁጥር ግን ከ40 ወደ 34 ወረደ። ሀብታም የሆነ ተመችቶታል፣ 35ኛው ልጅ ግን ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ያ 35ኛ ልጅ የማክሰኞ ፒቸር ሊሆን ይችል ነበር፣ እኔ ሁሌ እሱ ነው የሚታየኝ።

እሺ፣ ዘንድሮ፣ የ2026ቱ ሲዝን። ኮቹ ክሪስ ፖላርድ ነው፣ ከዱክ የመጣ፣ የቨርጂኒያ ተወላጅ። ዱክ ማለት በቅርጫት ኳስ እንጂ በቤዝቦል ስሙ የማይነሳ ቤት ነበር፣ ይሄ ሰውዬ ነው ሰው ያደረገው፣ በ2021ና በ2024 የኤሲሲን ቶርናመንት አሸንፎበታል፣ ኦማሃ ደጃፍ ድረስ ደጋግሞ ወስዷቸዋል፣ በሩን ግን አልገባም። ስለዚህ ሰውዬው ራሱ የተራበ ነው። ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም፣ ከዱክ ልጆች ይዞ መጣ፣ ከነሱ መሀል ኤጄ ግራሲያ የሚባለው ግራኝ አውትፊልደር አለ፣ ስካውቶች፣ የፕሮፌሽናል ቲሞች መልማዮች፣ ዓይናቸውን የጣሉበት። ከድሮዎቹ ብዙ ልጆች ሄደዋል። ማለት ማልያው ያው ነው፣ ስታዲየሙ ያው ነው፣ ቲሙ ውስጥ ግን ባለፈው ዓመት የዱክን ማልያ ለብሰው የነበሩ ልጆች አሉ። ጠላትህ ቤትህ ገብቶ "እንግዲህ ዘመድ ነን" ሲልህ ምን ትላለህ፣ ግባ ቡና ጠጣ ነው የምትለው።

እኔ የምጠብቀው ምንድነው? መምታቱ አያሳስበኝም፣ ግራሲያ ብቻውን ብዙ ሌሊት ደስ ያሰኘናል። የሚያሳስበኝ ካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) እና ፒቸሮቹ ናቸው፣ ከሦስት አራት ትምህርት ቤት የተሰበሰቡ ልጆች ሲወረውሩ ካቸሩ የእያንዳንዱን ኳስ ባህሪ እስኪለምድ ማርች ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ አስቂኝ ሽንፈት ይኖራል፣ የሆነ የማይታወቅ ትምህርት ቤት መጥቶ ማክሰኞ ያሸንፈናል፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ "ፖላርድ ይባረር" ይላል፣ አትስሙት። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የማክሰኞውን ፒቸር ስም ሳላመነታ መጥራት ከቻልኩ ግን ይሄ ቲም ከ64ቱ ውስጥ አለ፣ ሪጅናልም ያልፋል። ኦማሃ? ኦማሃ አልልም። አሌክሳንድሪያ የሀበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ አንዴ "ኦማሃ" ብዬ ስንት ብር እንደተበላሁ ጓደኞቼ ያውቃሉ።

ፌብሩዋሪ 13 አርብ ሲዝኑ ይከፈታል። የእህቴ ልጅ አሁን ሪችመንድ ሥራ ይዟል፣ ትናንት ማታ ደወለ። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ ስለ እናቱ ጠየቀኝ፣ ትንሽ ዝም አልን። "አጎቴ፣ ራንኪንጉን አይተሃል?" አለኝ። አላየሁም አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። "የመክፈቻው ዊክኤንድ ከሪችመንድ እመጣለሁ፣ እዚያው እንገናኝ?" አለ። "የለም፣" አልኩት፣ "አርቡን ለሌላ ሰው ተወው። የመጀመሪያው ማክሰኞ መቼ እንደሆነ እይልኝ።"

ባለቤቴ ከኩሽና ሆና "ቆሎው አልቋል፣ ገብስ ግዛ" አለች።